በጧፍ የተቀባው አስር አለቃ

ነጋዴ ነኝ። ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ አለኝ። ሻንጣ እሸጣለሁ፣ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ፣ የስልክ ቻርጀር እሸጣለሁ፣ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በሬ ላይ ይሰቀላል፤ ዋጋውም እንደ ዝናቡ መጠን ነው። ይህን የምነግራችሁ ለማስታወቂያ አይደለም። (ብትመጡ ግን አልጠላም።) ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳስወጣ የኖርኩ ሰው መሆኔን እንድታውቁልኝ ነው። እጄ የገባ ነገር ይወጣል። መንኮራኩሩ የወለቀ ሻንጣ «ይሄ በእጅ የሚያዝ ሞዴል ነው» ብዬ ሸጫለሁ።

እና ይህ ሰው አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ከቤቱ ማስወጣት አቅቶት መከራውን በላ ብላችሁ ማን ያምናችኋል?

ነገሩ የጀመረው ልጃችን ማህሌት ወደ ቤት የተመለሰች ጊዜ ነው። ማህሌት እዚሁ ለንደን ተወልዳ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ፣ «አይ ኒድ ማይ ኦውን ስፔስ» ብላ የወጣች ልጅ ናት። አከራይዋ የስፔሱን አዲስ ዋጋ ሲነግራት ግን እናትና አባቷ ትዝ አሏት። ቶተንሃም ያለው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የተከራየነው የካውንስል ቤታችን አንድ መኝታ ቤትና እንግሊዞቹ ቦክስ ሩም የሚሏት አንዲት ጠባብ ክፍል አለው። ልጅቷ ያደገችው በዚያች ክፍል ነው። ከወጣች በኋላ እኔ በሻንጣ ሞላኋት፤ ልትመለስ ነው ስባል ደግሞ ሻንጣዎቹን በአንድ ቅዳሜ ሸጬ ጨረስኩ። የቀረችው ከአልጋው በላይ ባለችው ብቸኛ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችው ቆርቆሮ ናት።

«ይቺስ?» አለች ባለቤቴ ጽጌ፣ ቆርቆሮዋን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ የሞተ አይጥ የያዘች ይመስል።

«እሷ ትቆይ።»

«የት?»

«ባለችበት።»

«ባለችበት ልጄ ልብሷን ልታስቀምጥ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ስታገባኝ ምን ብለኸኝ ነበር?»

ስታገባኝ ምን ብለኸኝ ነበር የሚባለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት እንደማይጠየቅ ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

«‹ጽጌ፣ አታስቢ፣ ቤት የምንገዛበት እዚህ ውስጥ ነው› አላልከኝም? ሠላሳ ዓመት ጠበቅኩ። ከቤት ቤት ስንዞር ከልጅ ቀድማ የምትታቀፈው እሷ ነበረች። በል እንግዲህ! የደብራችን ንግሥ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እስከዚያ ወይ ሸጠህ ቤቱን አሳየኝ፣ ወይ የቆሻሻው ቢን የሚወሰድበት ቀን ሐሙስ ነው።»

ብላኝ ወጣች። ቆርቆሮዋንና እኔን አንድ አልጋ ላይ ጥላን።

አሁን ውስጧ ያለውን ልንገራችሁ። ማስቲካ ውስጥ እየተጠቀለሉ የሚመጡ የኳስ ተጫዋቾች ምስሎች ናቸው፤ ሁለት መቶ ገደማ። እዚህ አገር ካርድ ይሏቸዋል። እኛ ጉለሌ፣ ደርግ ጊዜ፣ ፎቶ ነበር የምንላቸው። ማስቲካው ከየት አገር እንደሚመጣ አናውቅም፤ የተጻፈበትን ማንበብ የሚችል ልጅም ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ለተጫዋቾቹ ስም የምናወጣላቸው እኛው ነበርን። ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደው «ባህታዊ» ይባል ነበር። ሁለት የፊት ጥርሱ የሌለው «በር ክፈት»። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ በረኛ ነው። ጢሙ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ዓይኑ «መታወቂያ!» የሚል። የቀበሌያችንን በር የሚጠብቁትን አስር አለቃ ቁርጥ ስለሚመስል «አስር አለቃ» አልነው። ጉለሌ ውስጥ የአስር አለቃ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የአብሮ አደጌ የአድማሱ ነበር።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ልጅ ፎቶውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ተራ በተራ አጠገቡ ባለው መሬት ላይ በመዳፍ ጧ! ነው። በነፋሱ የሌላውን ልጅ ፎቶ የገለበጠ ይወስደዋል። ችሎታው መዳፍ ላይ ነው ይባል ነበር። የኔ መዳፍ እንኳን ፎቶ ዝንብ አይገለብጥም። ስለዚህ ሌላ መላ ፈለግኩ።

ከሰፈራችን ቤተክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ እያነሳሁ፣ አቅልጬ፣ የፎቶዎቼን ጀርባ እቀባቸዋለሁ። በሰም የተቀባ ፎቶ ከመሬት ጋር ጋብቻ ፈጸመ ማለት ነው፤ አድማሱ መዳፉ እስኪቀላ ቢመታ ንቅንቅ የለም። እሱ እስኪደክመው እጠብቅና እኔ አንዴ ሁለቴ መታ መታ አድርጌ የሱን እገለብጣለሁ። ያሸነፍኩትን ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ከማን እንደወሰድኩት እጽፍና ከላዩ ሰም እቀባዋለሁ። «ከግርማ»፣ «ከአድማሱ»፣ «ከአድማሱ»፣ «ከአድማሱ»። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ነጋዴው» ያለኝ ያኔ ነው፤ ስሙም እስከ ሱቅ አደረሰኝ። አስር አለቃንም እንዲሁ ወሰድኩት። አድማሱ ሁለት ቀን ምሳ አልበላም አሉ።

ከዚያ ዘመኑ ከፋና ከአገር ወጣን። ሌላው ሰው ሱዳን የገባው የትምህርት ማስረጃውን ብብቱ ስር አድርጎ ነው። እኔ ቆርቆሮዬን። ካርቱም ላይ የስደት ጉዳዬን የሚያየው ሰውዬ ቆርቆሮዋን ከፈተ፣ አስር አለቃን አየ፣ እኔን አየ፣ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ጉዳዬ ግን ከሁሉ ቀድሞ አለቀ።

አድማሱም በሌላ መንገድ ዞሮ ለንደን ገባ። ቀዩን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ዛሬ የደብራችን የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፣ የተከበረ ሰው። ቶተንሃም ውስጥ በእግር አሥር ደቂቃ አንራራቅም። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ሲያገኘኝ ስለ ሚስቴ አይጠይቅም፣ ስለ ልጄ አይጠይቅም።

«አስር አለቃ ደህና ነው?» ይላል።

«ሰላም ብሎሃል» እላለሁ።

በቃ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰላምታችን ይህ ነው። ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝም ከዚህ የበለጠ የምንነጋገር አይመስለኝም።

ወደ ሽያጩ ልመለስ። ማህሌት ስልኳን አወጣችና ቼክ አደረገች።

«አባዬ! ኦ ማይ ጎድ! አንድ ካርድ በስንት እንደተሸጠ ታውቃለህ? ኧ ሃውስ! ላይክ፣ አክቹዋል ሃውስ!»

«አላልኩም?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ኩሽና ያለችው እንድትሰማ። ኩሽና ያለችው የሽንኩርት መክተፊያውን ደገም አድርጋ መታችው።

በማግስቱ ቅዳሜ ማህሌትና እኔ ኬኒንግተን ሄድን። አንድ አዳራሽ ውስጥ የድሮ ካርድ ገዢና ሻጭ የሚሰበሰብበት ገበያ አለ። ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ። ማህሌት አፈረችብኝ፤ ግን ቤት ሊገዛ የሚሄድ ሰው በሹራብ አይሄድም። ከሁሉ ትልቁ ጠረጴዛ ጋ አንድ ሸበቶ እንግሊዛዊ ነጭ ጓንት አድርጎ ተቀምጧል። ቆርቆሮዋን ፊቱ አስቀምጬ ዝም አልኩ። የኔ ሕግ ነው፤ ዋጋ መጀመሪያ አልጠራም፣ አፌንም መጀመሪያ አልከፍትም። ለካ ሰውዬውም ያው ሕግ ኖሮታል። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ ጣራውን አያለሁ። እሱ መነጽሩን ይጠርጋል፣ እኔ ክራባቴን አስተካክላለሁ። ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ።

«ካን ሰምባዲ ፕሊዝ ሴይ ሰምቲንግ!» አለች ማህሌት።

ሰውዬው ተሸነፈና ክዳኑን ከፈተ። ፊቱ መጀመሪያ በራ፣ ቀጥሎ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። አስር አለቃን በመቆንጠጫ አነሳ፣ ገለበጠው፣ አሸተተው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ጧፍ» አልኩ።

ወደ ማህሌት ዞረ። «የቸርች ሻማ» አለችው በቋንቋው።

«ሁሉም ላይ ነው?»

«ሁሉም ላይ» አልኩ በኩራት። ጥራት የጠየቀኝ መስሎኛል።

ሰውዬው ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ። ሐኪም ከቀዶ ጥገና ሲወጣ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኛል። «ጌታዬ፣ በሥራዬ ብዙ የተጎዳ ካርድ አይቻለሁ። የተቀደደ፣ ሻይ የተደፋበት፣ ሕፃን ያኘከው። ባለቤቱ ራሱ በእስክሪብቶ ጽፎበት፣ እንደ ዳቦ ቀብቶ ያመጣው ግን የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።»

«ስለዚህ ስንት?»

«ካርዶቹ ምንም። ቆርቆሮዋን ግን» አለና ዞር ዞር አድርጎ አያት፣ «ባዶዋን ከሆነ፣ በአሥራ አምስት ፓውንድ እወስዳታለሁ። የብስኩት ቆርቆሮ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ።»

ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ላይ ያደረግኩትን ሰውዬው በአንድ ዓረፍተ ነገር አደረገብኝ። ቆርቆሮዬን አንስቼ፣ ክራባቴን አስተካክዬ ወጣሁ። ባቡሩ ውስጥ፣ ቪክቶሪያ መስመር ላይ፣ ቆርቆሮዋን ታቅፌ ስቀመጥ ማህሌት ክዳኑን ከፈት አድርጋ አሸተተች።

«አባዬ፣ ሰሙ ለምን ነበር?»

«እንዳይገለበጥ።»

«ሌሎቹ ልጆች ያውቁ ነበር?»

«ቢያውቁማ ይቀቡ ነበር።»

«ሶ ዩ ቺትድ። አጭበርብረሃላ።»

«ዘዴ ነው።»

«ኢትስ ኮልድ ቺቲንግ፣ አባዬ።»

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፋቱ ይሄ ነው።

ቤት ስንደርስ ጽጌ በር ላይ ቆማለች። ምን እንደተባልን አልጠየቀችም፤ ፊቴን አይታ ጨርሳለች። ቆርቆሮዋን ተቀበለችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ራሷ ከፈተቻት። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ይሄ የጧፍ ሽታ አይደለም?»

«ማሚ፣ ከቸርች ሰርቆ...» ብላ ጀመረች ማህሌት።

«አልሰረቅኩም! ቁራጭ ነው ያነሳሁት። ያለቀ።»

ጽጌ ተቀመጠች። ሚስቴ በቆመችበት ትቆጣለች፤ ከተቀመጠች ነገር ከፍቷል።

«የቤተክርስቲያን ንብረት ነው ልጄ ራስጌ ላይ አስቀምጠህ ስታስተኛት የኖርከው?»

«ጽጌ...»

«ለካስ! ያ ቦይለር በየክረምቱ የሚቆመው ለካስ! ካውንስሉ አራት ጊዜ ቀብቶት የሚሻግተው ግድግዳ ለካስ! አንተ መንጃ ፈቃድ አምስቴ የወደቅከው...»

«እሱ እንኳን ፈታኙ...»

«ዝም በል!»

ሰኞ ዕለት የደብራችን አስተዳዳሪ አባ ፊት አቀረበችኝ። አባ ደግ ናቸው፤ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይተኛሉ ወይስ ይጸልያሉ ብላችሁ እስክትጨነቁ ድረስ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«ስንት ጧፍ ይሆናል?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አልቆጠርኩም፣ አባ።»

«ነጋዴ ሆነህ?»

«ልጅ ነበርኩ።»

«መልካም። ለንግሡ ጨረታ አቅርበው። ከቤተክርስቲያን የወጣ ለቤተክርስቲያን ይመለስ።»

እጃቸውን ስሜ ስወጣ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ንስሐ የገባ ሰው ደስታ አልነበረም የተሰማኝ። የነጋዴ ደስታ ነው። አሥራ አምስት ፓውንድ የተባለ ዕቃ በክብር፣ በእልልታ ሊወጣልኝ ነው! አንዷ ደግ እናት ለበረከት ብላ በሃያ ትወስዳለች፣ ጽጌ ትረካለች፣ ማህሌት መደርደሪያዋን ታገኛለች፣ ካርዶቹ ዋጋ እንደሌላቸውም ማንም አያውቅም። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደብራችንን ጨረታ ሥርዓት።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ዕቃ ይቀርባል፣ ምእመኑ ይጫረታል፣ አንዱ ያሸንፋል። አሸናፊው ግን ዕቃውን ይዞ አይሄድም። «መልሼ ለቤተክርስቲያን ሰጥቻለሁ» ይላል፣ እልል ይባላል፣ ያው ዕቃ እንደገና ይጫረታል። ባለፈው ዓመት አንዲት ማሰሮ ማር ዘጠኝ ጊዜ ተሸጣ መጨረሻ ላይ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተገኘች። በነጋዴነቴ እንዲህ በቀናሁ ቁጥር ራሴን እገስጻለሁ፤ ሸቀጡ የማያልቅ ንግድ እኔ ከዚያ ሌላ አይቼ አላውቅም።

ንግሡ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጃንጥላው ተሸጠ፣ ድፎ ዳቦው ሦስት ጊዜ ተሸጠ፣ ከዚያ የኔ ቆርቆሮ ወጣች። ጨረታ መሪያችን በአዘቦት ቀን ሚኒካብ ታክሲ የሚነዳ፣ ማይክ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው የሚሆን ወንድም ነው።

«ምእመናን! ይህ ከአንድ ወንድማችን የቀረበ የልጅነት ቅርስ ነው! ከሃያ እንጀምር!»

አንዲት እናት «ሃያ» አሉ። ልክ እንዳሰብኩት። በሆዴ «ጥራ፣ ሦስት ጊዜ ጥራ» እላለሁ። ጨረታ መሪያችን ግን ዋጋ ማናር ልማዱ ነው፤ የዕቃውን ታሪክ ከአባ ሰምቷል።

«ሃያ? ምን ነካን! ይህን ተራ ወረቀት እንዳታደርጉት! ወንድማችን በልጅነቱ በጨዋታ እንዳይሸነፍ እያንዳንዱን ካርድ ጀርባውን የቀባው በምንድን ነው? በቤተክርስቲያን ጧፍ! ዛሬ ለንስሐ አቅርቦታል!»

እልልታው ጣራውን ነቀነቀው። ከፊት ወንበር፣ የኮሚቴ ሰዎች ከተቀመጡበት፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ተነሳ። አድማሱ ነው። አላጨበጨበም። ዞሮ እኔን ፈለገኝ፣ አገኘኝ።

«መቶ» አለ፣ ዓይኑን ከኔ ላይ ሳያነሳ።

ሰባ ምናምን ካርድ ጀርባ ላይ ስሙ አለ። ሁለት ቀን ምሳ ያልበላበት ምክንያት እዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ይኸው በማይክ ተነገረው። እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን አንገቱን ይደፋል። እኔ ግን አስር አለቃ ወደ አድማሱ ኪስ ሲገባ በዓይኔ ታየኝ፣ በሚቀጥለው እሑድ «አስር አለቃ ደህና ነው?» ብዬ ጠያቂው እኔ ልሆን ነው።

«መቶ ሃያ!» ያለው አፌ ነው።

ጽጌ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አብደሃል? የሰጠኸው አንተ!»

«መቶ ሃምሳ» አድማሱ።

«ሁለት መቶ!»

«ሁለት መቶ ሃያ።»

«ሁለት መቶ ሃምሳ!»

«አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ! ሦስት ጊዜ!» አለ ጨረታ መሪው፤ አሸነፍኩ። ልቀበል አንድ እርምጃ ስራመድ፣ «ወንድማችን መልሰው ለቤተክርስቲያን ሰጡ!» አለ። አፌን እንኳን አልከፈትኩም! እልልታ። አንዲት ወጣት የባንክ ካርድ መክፈያ ማሽን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ጢጥ አለ።

«እንደገና ከመቶ!»

«መቶ ሃምሳ» አድማሱ፣ አሁንም ቆሞ።

«ሦስት መቶ!» አልኩ፣ በአንድ ጊዜ ልዝጋው ብዬ።

ከኋላዬ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። «እንዲህ ያለ ንስሐ አይቼ አላውቅም» ይላሉ። «የራሱን ስጦታ ሁለቴ ሲገዛ! እንዴት ቢጸጸት ነው!»

«መልሰው ሰጡ!» አለ ማይኩ። ጢጥ አለ ማሽኑ። ጽጌ ክንዴን ለቀቀችኝ፤ መቆንጠጥ ጥቅም እንደሌለው ገብቷታል። ማህሌት ከግድግዳው ጥግ በስልኳ ትቀርጻለች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች።

በሦስተኛው ዙር አድማሱ «ሦስት መቶ ሃምሳ» አለ። አፌን ልከፍት ስል ጽጌ በነጠላዋ አፈነችኝ። እውነቴን ነው፣ ሕዝብ ፊት።

«ሦስት ጊዜ! የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢያችን አሸነፉ! ሰብሳቢያችን መልሰው...»

አድማሱ ረጋ ብሎ ወደ መድረኩ ወጣና ማይኩን ከሰውዬው እጅ ወሰደ።

«አልመለስኩም» አለ።

በደብራችን ታሪክ ዕቃ አሸንፎ የወሰደ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እልል ለማለት የተከፈተው የሴቶቹ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። አባም ዓይናቸውን ገለጡ። አድማሱ ማሽኑ ላይ ካርዱን ጢጥ አደረገ፣ ቆርቆሮዋን ብብቱ ስር አደረገ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ።

«በጧፍ?» አለኝ።

«አድማሱ፣ ልጅ ነበርኩ እኮ።»

«እኔስ?» ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ያሰብኩት ሁሉ ሆነልኝ። ቆርቆሮዋ ወጣች። ማህሌት መደርደሪያዋ ላይ ሹራቦቿን ደረደረች። ጽጌ ቦይለሩን እየነካካች «ይኸው ሞቀ» ትላለች። እኔ ብቻ ደህና አልነበርኩም። በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦታዬ ላይ ቆምኩ፤ አድማሱ አየኝና በሌላ በር ወጣ። በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ። ሁለት እሑድ ሙሉ ስለ አስር አለቃ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ጤናዬ ብዙ ሰው ጠየቀኝ፤ ግን ማን ስለ ጤና ግድ አለው?

ሱቅ ውስጥ ዋጋ መጥራት አቃተኝ። አንዷ ጃንጥላ ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ «የገዛሁበት ስድስት ነው» አልኳት። ጽጌ ሰምታ ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት፣ አንድ ናይጄሪያዊ ደንበኛዬ ትልቅ ሻንጣ እየመረጡ ሳለ አድማሱ ገባ። ቆርቆሮዋን ይዟል። ሰላም አላለኝም። ወለሉን በዓይኑ ለካ፣ ሁለት ሻንጣ ገፋ አደረገ፣ ጉልበቱ ቋ ቋ እያለ ተንበረከከ። ከቆርቆሮዋ አስር አለቃን አወጣ። ጀርባው ነጥቷል። ሰሙን በጥፍሩ ፍቆ ፍቆ ጨርሶታል፤ «ከአድማሱ» የሚለው የልጅነት ጽሑፌ ብቻ ቀርቷል።

«ና» አለኝ።

«አድማሱ፣ ሰው አለ እኮ...»

«ያኔም ሰው ነበር። ተንበርከክ። ይሄ ያንተ ነው፣ አስቀምጠው። ያለ ጧፍ።»

ተንበረከክኩ። አስር አለቃን ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት። አድማሱ አውቶቡስ ሲያዞር በኖረ መዳፉ አንድ ጊዜ ብቻ ወለሉን ጧ! አደረገው። መደርደሪያው ላይ ያለው ሽሮ ተንቀጠቀጠ። አስር አለቃ ከነጢሙ ተነሳ፣ አየር ላይ አንዴ ዞረ፣ በግንባሩ ተደፋ።

ደንበኛዬ አጨበጨቡ።

አድማሱ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ «ከአድማሱ» ከሚለው ሥር በጥንቃቄ «ከነጋዴው» ብሎ ጻፈ፣ እፍ እፍ አለበት፣ ኪሱ ከተተው። ሊነሳ ሲል አልቻለም፤ እኔም አልቻልኩም። ደንበኛዬ ናቸው አንድ አንድ ክንዳችንን ይዘው ያነሱን። ለውለታቸው ሻንጣውን በገዛሁበት ሰጠኋቸው። (ማለት ይቻላል።)

«ቆርቆሮዋን ረሳህ» አልኩት በሩ ላይ ሲደርስ።

«አልረሳሁም። የኔ ሚስት የጧፍ ሌባ ዕቃ ቤቴ አይገባም ብላለች። እዚህ ትቀመጥ። በስሜ ያሉት ሰባ ሁለት ናቸው፤ በየማክሰኞው አንድ አንድ እያሸነፍኩ እወስዳለሁ።»

«እኔ ካሸነፍኩስ?»

ሳቀ። ከንግሡ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «አንተ? በዚያ መዳፍህ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦታዬ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ደረት ኪሱን መታ መታ እያደረገ መጣ።

«አስር አለቃ ደህና ነው?» አልኩት እኔ።

«ሰላም ብሎሃል» አለኝ።

ቆርቆሮዋ አሁን ሱቄ ውስጥ ከሽሮው ጎን ናት። ስድስት ማክሰኞ አልፏል፤ ስድስቱንም በልቶኛል። ባህታዊ ሄዷል፣ በር ክፈት ሄዷል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልብ ብዬ ሳየው ሲመታ መዳፉን ጎድጎድ ያደርጋል፤ ይህ ጉለሌ ውስጥ በግልጽ የተከለከለ ነበር። አጭበርባሪ! ምንም አላልኩትም።

ብቻ መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ጧፍ አስቀምጫለሁ። ይሄኛውን ገዝቼው ነው፤ ደረሰኝ አለኝ።